ስሙን ስድስት መቶ ጊዜ

ትዕዛዙ የደረሰው ሰኞ ማለዳ፣ ሚንዳ የመጀመሪያዋን ጎሽ አልባ ወደ ሁለተኛዋ ስትዞር ነበር።

የባለ ርስቷ የእሜቴ ኮንሶላሲዮን ሾፌር መኪናውን ከቀርከሃው አጥር ውጪ አቆመና፣ ጭቃው ጫማውን እንዳያበላሽበት በእግሩ ጣቶች እየተራመደ ገባ።

«ለቅዳሜ ሠርግ ነው» አለ አንዲት የታጠፈች ወረቀት እያቀበላት። «ስድስት መቶ ፍሬ ከረሜላ። መጠቅለያው ላይ የሙሽሮቹ ስም ይቆረጥበት ተብሏል። ደግሞ እሜቴ አደራ ያሉት ነገር አለ። ሚንዳ ራሷ በገዛ እጇ ትቁረጠው፣ ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ ብለዋል።»

ሚንዳ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ከፈተች። በታይፕ የተመታ ሁለት ስም ብቻ ነበር የሰፈረበት። ማርሴሎና ሶሌዳድ።

ጎሿ ጅራቷን ወዝውዛ ፊቷን ገረፈቻት። ሚንዳ አልተሰማትም።

«እና ምን ልበላቸው?» አለ ሾፌሩ።

መልስ የሰጠችው እናቷ ኡርሱላ ናት። ከማድ ቤቱ ደጃፍ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ጠባሳ የሸበሸበውን ቀኝ ክንዷን እንደ ልማዷ በፎጣ ሸፍና፣ «ይደርሳል በላቸው» አለች። «አርብ ከሰዓት ራሷ ይዛላቸው ትመጣለች።»

ማኒላ አጠገብ ባለው በቡላካን አገር የኡርሱላን የወተት ከረሜላ የማያውቅ የለም። ወተቱ ከራሳቸው ጎሾች ይታለባል። ከስኳር ጋር ሰፊ ብረት ድስት ላይ ይጣድና፣ ከድስቱ ጠርዝ እስኪላቀቅ ድረስ ሳያርፉ ይማሰላል። አንዲት ደቂቃ ከዘነጉት ያራል። ሲበርድ በትንሽ ጣት ልክ ይጠቀለልና ስኳር ላይ ይንከባለላል። ስም ያወጣለት ግን ልብሱ ነው። ሚንዳ በጥፍር መቀስ ስስ ባለ ቀለም ወረቀት እየቆረጠች ለእያንዳንዱ ከረሜላ ረጅም ጭራ ታወጣለታለች። ጭራው ላይ አበባ ይወጣል፣ ወፍ ይወጣል፣ የሰው ስም ይወጣል። ብርሃን ላይ ሲይዙት ዳንቴል ይመስላል።

ማርሴሎ ወደዚህ ግቢ መጀመሪያ የገባው የከብት ሕክምና ተማሪ ሳለ፣ አንዷ ጎሽ ጡቷ አብጦ አላስነካ ብላ ነው። የባለ ርስቷ አንድ ልጅ እጅጌውን ሰብስቦ ጭቃው ውስጥ ተንበረከከ።

«የእሜቴ ልጅ መስለኸኝ ነበር እኮ» ብላ ሳቀችበት ሚንዳ። «ለካ አንተንም ጭቃ ይነካሃል!»

ቀና ብሎ አያት። ጎሿ በሳምንቷ ዳነች፤ እነሱ ግን ከዚያች አንድ አስተያየት አልዳኑም።

አንድ ቀን ሁለቱ ወንዝ ዳር ተቀምጠው ሰዓቱን ረሱት። የማማሰሉ ተራ የሚንዳ ነበር። ኡርሱላ ድስቱን ብቻዋን ላውርድ ስትል የሚንተከተከው ወተት ቀኝ ክንዷ ላይ ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ ያ እጅ ማማሰያ ጨብጦ አያውቅም። «አንቺ ስትሳሚ እኔ ተቀቀልኩ» ትላታለች ልጇን፣ ሰው ባለበትም ሰው በሌለበትም። ማርሴሎ ትምህርቱን ሊጨርስ ማኒላ ሲሄድ «ነይ አብረን እንሂድ» ብሏት የቀረችውም ስለዚያ ክንድ ነው።

ከዚያ በኋላ ፍቅራቸው በደብዳቤ ሆነ። ሚንዳ ከሁለተኛ ክፍል ነው ትምህርት ያቋረጠችው። ፊደልን በመቀስ ታወጣዋለች እንጂ በብዕር አይሆንላትም፣ የእጅ ጽሕፈትም አታነብም። የምትለውን የምትጽፍላት፣ የመጣላትንም የምታነብላት ታናሽ እህቷ ፔርላ ነበረች። ከተማ ወርዳ ከረሜላውን የምትሸጠውም፣ ፖስታ ቤት የምትገባውም እሷው ናት። ከማርሴሎ ሰባት ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ዝም አለ። ሚንዳ በላይ በላዩ አስጻፈች፤ መልስ የለም።

«ወንድ አይደል እትዬ? ማኒላ ደግሞ ሴት ሞልቷል» ትላት ነበር ፔርላ። ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ። አሁን ደግሞ ይቺ ወረቀት መጣች።

«አልችልም እማዬ» አለች ሚንዳ ሾፌሩ እንደወጣ።

«ምኑን ነው የማትችይው? ስም መቁረጥ? የስንቱን ሙሽራ ከረሜላ አልብሰሽ የለ እንዴ!»

«በኔ እጅ እንዲሆን ያሉት ሊያቃጥሉኝ ነው።»

«መቃጠልን ለኔ ታወሪያለሽ?» አለች ኡርሱላ ፎጣውን ከክንዷ ላይ ገለጥ አድርጋ።

ፔርላ ድስት እየፈተገች ነበር። ቀና አላለችም።

ሚንዳ አራት ቀን ቆረጠች። ማለዳ ታልባለች፣ ረፋዱን ታማስላለች፣ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ትቀመጥና መቀሷን ታነሳለች። የሱን ስም ለመቁረጥ እጇ ማሰብ አላስፈለገውም። ድሮ ሥራ ስትፈታ በየቁራጩ ወረቀት ላይ እያወጣች ትደብቀው የነበረ ስም ነው። የሴቲቱ ስም ነው ያስቸገራት። መጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ቀደደችው። በሁለተኛው ቀን ለመደችው። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ስሞች ጎን ለጎን ሲያምሩ አየችና መቀሱን አስቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«አታልቅሽበት» አለች ኡርሱላ ከበስተኋላዋ። «ወረቀቱ ይረጥባል።»

ሚንዳ ፊቷን ጠርጋ ቀጠለች። ከዚያች ሰዓት ወዲያ እንባ አልወጣትም። ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ድስት ላይ እንዳረረ ወተት ደርቆ ተጣበቀ።

አርብ ከሰዓት ከረሜላውን በስድስት ቅርጫት ደርድራ በባለ ሦስት እግር ሞተር ወደ ትልቁ ቤት ወጣች። ደጃፉ ላይ ድንኳን ይተከላል፣ አበባ ይሰቀላል፣ ሰው ይተራመሳል። እሜቴ ኮንሶላሲዮን ራሳቸው ወጥተው ተቀበሏት። አንዱን ከረሜላ አንስተው ጭራውን ወደ ብርሃኑ ዘረጉት።

«ማርሴሎና ሶሌዳድ» ብለው አነበቡ ቀስ ብለው። «እጅሽ ይባረክ። እስቲ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ አንቺው ደርድሪያቸው።» ከዚያ ወደ ፎቁ ዞረው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ማርሴሎ! ና ውረድ እንጂ! የድሮ ወዳጅህ የሠርግህን ከረሜላ ይዛልህ መጥታለች!»

ወረደ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ከስቷል። ዓይኑ ከፊቷ በፊት እጇ ላይ አረፈ፣ የቀለበት ጣቷን ፈለገ፣ ባዶ ሆኖ ሲያገኘው ግራ ገባው። እሜቴ ፈገግ ብለው ትተዋቸው ወጡ።

«ደህና ነሽ?» አለ።

«ደህና ነኝ። እንኳን ደስ ያለህ።»

«ባለቤትሽስ?»

ሚንዳ የያዘችው ከረሜላ እጇ ላይ ቀረ። «ምን አልከኝ?»

«ባልሽን ነው የምልሽ። ባለ ወፍጮውን።»

ልትስቅ ቃጣት። «የምን ባል? እኔ'ኮ ደብዳቤህን ስጠብቅ ያረጀሁ ሴት ነኝ። ባሌም ትዳሬም እነዚያ ጎሾች ናቸው።»

እሱ ግን አልሳቀም። «ሚንዳ፣ አትቀልጅብኝ። ደብዳቤሽን በቃሌ ነው የያዝኩት። ‹ከዛሬ ወዲያ እንዳትጽፍልኝ። የሩዝ ወፍጮ ያለው ሰው አግብቻለሁ። አንተ የእናትህን ደጅ ትጠናለህ፣ እሱ የራሱ ደጅ አለው። የያዝከውን እጄን በአመድ አጥቤዋለሁ።› እንዲህ አላልሽኝም?»

«እኔ?»

«ቃሉ ያንቺ፣ ጽሕፈቱ የፔርላ። ሁልጊዜስ እንዲያ አልነበር?»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር የሚደረድሩ ሰዎች እየተቀላለዱ አለፉ።

«እኔ እንዲህ ብዬ አላስጻፍኩም» አለች ሚንዳ። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «እኔ ያስጻፍኩት... ለምን ጠፋህ ብዬ ነው። ታመምክ ወይ ብዬ ነው።»

«ስምንተኛው ደብዳቤዬስ? ክፍል ተከራይቻለሁ፣ ቅዳሜ አውቶቡስ ጣቢያ ጠብቄሻለሁ፣ እናትሽንም በኋላ እናመጣታለን ያልኩሽ?»

«ስምንተኛ የለም። ሰባት ነው የተነበበልኝ።»

«ቅዳሜን ጠበቅኩ፣ እሑድንም ጠበቅኩ» አለ ማርሴሎ። «ሰኞ ዕለት የጣቢያው ጠራጊ ‹ወንድሜ፣ ሰው ከጠፋብህ ፖሊስ ጋ ብትሄድ ይሻልሃል› አለኝ። እኔም ሳቅኩ፣ እሱም ሳቀ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው።»

ተያዩ። ሁለት ዓመት ሙሉ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የተሸከሙት ቂም በአንድ አፍታ መሬት ላይ ወደቀ፣ ሥሩ የነበረው ፍቅርም እንደ ትናንቱ ሆኖ ብቅ አለ። እጁን ዘረጋ። ጣቶቿን ሊነካ ሲል የአዳራሹ በር ተከፈተ።

አንዲት ቀጭን ልጅ እየሮጠች ገባች። ፀጉሯ ገና በመጠቅለያ ተይዟል፣ እግሯ ባዶ ነው። ከረሜላዎቹን ስታይ ሁለት እጇን ጉንጯ ላይ ጫነች።

«ወይኔ! ስሜ ነው? ማርሴሎ፣ ስሜ ነው እኮ!» አንዱን አንስታ ከፍ አደረገችው። «ስሜ እንዲህ ያምር ነበር እንዴ? አንቺ ነሽ የሠራሽው? እትዬ፣ ማን ልበልሽ?»

«ሚንዳ።»

«እትዬ ሚንዳ፣ ነገ እንደ ሥራ ሰው በጓሮ እንዳትመጪብኝ። ከዘመዶቼ ጋር ነው የምትቀመጪው። አባቴ አሞት እንኳን ከሴቡ ደሴት ድረስ በመርከብ መጥቷል፤ አሳየዋለሁ፣ ይቺ ናት ስሜን የቆረጠችው እለዋለሁ።» ጎንበስ ብላ ሚንዳን ጉንጯ ላይ ሳመቻትና ከረሜላውን ይዛ እንደመጣችው ሮጣ ወጣች።

ሚንዳ የተሳመችውን ጉንጯን ነካችው። ክፉ ሴት እንድትሆንላት ስንት ተመኝታ ነበር!

«አታውቅም?» አለች።

«ምንም አታውቅም» አለ ማርሴሎ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ።

«አንተ ግን አሁን አወቅህ።» ቅርጫቱን ከፊቷ ገፋ አድርጋ ቀረበችው። በሕይወቷ ምንም ነገር ለራሷ ለምና አታውቅም፤ ዛሬ ለመነች። «ማርሴሎ፣ ና እንሂድ። ልብስህን አትያዝ። በዚያ በር እንውጣና ለልጅቷ እዚያው ውጪ ራስህ ንገራት። ያማታል፣ አውቃለሁ። ከነገ ወዲያ ግን የበለጠ ነው የሚያማት።»

በሩን አየ። የፎቁን ደረጃ አየ። ውጪ የሚተከለውን ድንኳን አየ። ሁሉን አይቶ በመጨረሻ ነው እሷን ያያት፤ ሚንዳም መልሱን ያን ጊዜ አወቀችው።

«ሰው ከየአገሩ ገብቷል...» አለ። «አባቷ በሽተኛ ነው። እናቴ...»

«እናትህን ተዋት።»

«ትንሽ ጊዜ ስጪኝ። ሠርጉ ይለፍ። ከሠርጉ በኋላ እመጣለሁ፣ አንድ ነገር እናደርጋለን። ከተማ ውስጥ ቤት ልከራይልሽ እችላለሁ፣ ማንም ሳያውቅ...»

ቃሉን አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ሚንዳ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች።

«በአመድ አጥቤዋለሁ ያለችህ ፔርላ ነበረች» አለችው። «አሁን ግን እኔ ራሴ እልሃለሁ።»

እሜቴ ኮንሶላሲዮን በረንዳው ላይ ቆመው አበባ ሰቃዮቹን ያዝዙ ነበር። ሚንዳ ስታልፍ ሳይዞሩ ተናገሩ።

«ያኔ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ልጄን ከዚያ ጭቃ እንዴት ላውጣው እያልኩ። እናትሽ መጣችና እዚህ ደረጃ ላይ ተንበርክካ ‹ልጄን አይውሰዱብኝ፣ ቤቴ የቆመው በሷ እጅ ነው› አለችኝ። እንዲያ ከሆነማ አንቺው ጨርሺው አልኳት። እኔ ጣቴን እንኳን አላነሳሁም የኔ ልጅ። ያንቺ ሰዎች ናቸው የጨረሱልኝ።»

ቤት ስትደርስ ፔርላ ለነገ ገበያ ከረሜላ እየጠቀለለች ነበር። ኡርሱላ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ሚንዳ ባዶ ቅርጫቶቹን መሬት ላይ አስቀመጠችና እህቷ ፊት ለፊት ቆመች።

«ፔርላ፣ የመጨረሻውን ደብዳቤ አንብቢልኝ።»

«የቱን እትዬ?»

«አውቶቡስ ጣቢያ የሚለውን።»

የፔርላ እጅ ባለበት ቆመ። እናቷን አየች።

«ከሷ ጋር አትጨቃጨቂ፣ ያዘዝኳት እኔ ነኝ» አለች ኡርሱላ። «እሳት ውስጥ የገባውም በኔ እጅ ነው። ምን እንድሆን ነበር የፈለግሽው? አንድ ክንድ ይዤ፣ አምስት ጎሽ ይዤ፣ አንቺ ማኒላ ሰገነት ላይ ተቀምጠሽ እኔ ልለምን?»

«እናትሽን እናመጣታለን ብሎ ጽፎ ነበር።»

«ወዴት? ሰው ቤት? የሰው ፍርፋሪ ልበላ?» ኡርሱላ ክንዷን ወደ ፊት ዘረጋች። «ይሄን የሠራሽው አንቺ ነሽ። ትከፍይበታለሽ።»

ሚንዳ ክንዱን እስካሁን አይታው በማታውቅ ዓይን አየችው። ዛሬ ጠባሳ ብቻ ነበር። «በአመድ አጥቤዋለሁ የሚለውንስ? ያንንም አንቺ ነሽ ያልሽው?»

ኡርሱላ ግንባሯን ቋጠረች። «የምን አመድ? ‹አግብታለች፣ አትጻፍ በይው› ነው ያልኳት። አመድ ምናምን አላልኩም።»

ሁለቱም ወደ ፔርላ ዞሩ።

«ጠንከር ካላለ ይመጣል ብዬ ነው» አለች ፔርላ፣ ዓይኗን ከከረሜላው ሳትነቅል። «ቢመጣና ብትሄጂ ማማሰያው ለኔ ነበር የሚቀረው። የእማዬን ክንድ አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ እዚያ ድስት ላይ አጎንብሼ እንዳንቺ... እንዳንቺ እንዳልሆን ፈራሁ።»

«እየጻፍሽልኝ፣ ‹አይዞሽ፣ ወንድ ነው› እያልሽኝ፣ ሁለት ዓመት ምንም አልተሰማሽም?»

ፔርላ ከልቧ አሰበች። «መጀመሪያ ሰሞን ተሰምቶኝ ነበር» አለች።

ሚንዳ እጇን አላነሳችባትም፣ አልሰደበቻትም።

ቅዳሜ ጠዋት ጎሾቹ ለመታለብ ሲጮኹ ሚንዳ አልወጣችም። ሁለት ቀሚሷንና መቀሷን በጨርቅ ቋጥራ በሩ ላይ ስትደርስ ፔርላ ድስቱ ላይ አጎንብሳ ታለቅሳለች፣ ወተቱ ያርርባታል፣ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። ኡርሱላ ደጃፉን ዘግታ ቆመች። ቁጣዋ ሁሉ ፊቷ ላይ ነበር፤ ከቁጣው ሥር ግን ፍርሃት ነበረ።

«የት ልትሄጂ ነው? ማን አለሽ? የሚፈልግሽ እንኳን የለም እኮ። እሱም ትናንት አግኝቶሽ ብቻሽን ሰደደሽ እንጂ አልፈለገሽም።»

እውነት ስለሆነ ነው የጎዳት። ሚንዳ ግንባሩን እንደተመታ ሰው ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ ገልጣ እናቷን ከበሩ ላይ ቀስ ብላ ወደ ጎን አደረገቻት። ስትነካት ሰውነቷ ምን ያህል እንደቀለለ ተሰማት፤ ለአፍታም ልትቀር ምንም አልቀራት። ከዚያ ወጣች።

የተሳፈረችበት አውቶቡስ ሠፈሩን ለቆ የሚወጣበት መንገድ አንድ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነው የሚያልፈው። የሠርጉ ሰልፍ መንገዱን ዘግቶት ስለነበር ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ቆመ። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት እየተንጠለጠሉ አጨበጨቡ። ሶሌዳድ ፊቷ ጸሐይ መስሎ ከአባቷ ክንድ ወደ ባሏ ክንድ ተሻገረች። ማርሴሎ ሲዞር መስኮቱ ውስጥ ሚንዳን አያት። እጁ ወደ ላይ ተነሳ። ሚንዳ መላ አካሏ ተገትሮ ጠበቀች፣ ያ ሁሉ ሆኖም ጠበቀች። እጁ አንገትጌው ላይ ደረሰና ክራቫቱን አስተካክሎ ወረደ።

አውቶቡሱ ተነቃነቀ።

«እንዴት ያሉ ቆንጆ ሙሽሮች!» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ። የዳክዬ እንቁላል ቅርጫት ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠዋል። ዘወር ብለው አዩዋት። ትክ ብለው ቆዩ፣ ስለ ሠርጉም ሌላ ነገር አልጨመሩም።

«በልተሻል ልጄ?» አሏት ብቻ።

መንገድ ላይ ሰው ለሰው የሚለው ተራ ነገር ነው። ሚንዳ ግን ለመመለስ ማስታወስ ነበረባት። ትናንት አልበላችም፣ ከትናንት በስቲያም መብላቷን አላስታወሰችም፤ ከዚያ ሁሉ ወረቀት መሃል ቀና አድርጎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። «አል...» ብላ ጀመረች፣ ለቀናት የደረቀው እንባ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወጣ። ሴትዮዋ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ከቅርጫታቸው አውጥተው ፈቱትና አንድ እንቁላል ልጠው ላዩ ላይ አድርገው ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

በላች። እያለቀሰች በላች። ልቧ እንዲህ ተሰብሮ ሆዷ መራቡ አሳፈራት። ግን ርቧት ነበር፤ በጣም ርቧት ነበር።